ስለ ሳይንቶሎጂና ለመሥራቹ ስለሚሰጠው ክብር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ስለ ሳይንቶሎጂ በዜና ለሰሙ፣ በሚኖሩበት ከተማ ከድርጅቱ ሰዎች ጋር ለተገናኙ ወይም ዘመድ ወዳጃቸው ለገባበት አንባብያን ነው። ትኩረቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ተከታዮቹ ለመሥራቹ ለኤል ሮን ሀባርድ የሚሰጡት ክብር ምን ያህል እንደሆነ፣ ክብሩ የቆመበት ታሪክስ ሲመረመር ምን እንደሚገኝ ለማሳየት ይሞክራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳይንቶሎጂ ምንድን ነው?

ሀባርድ በ1950 «ዳያኔቲክስ» ብሎ የሰየመውን የአእምሮ ፈውስ ዘዴ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። በእርሱ አባባል ሰው የደረሰበት ሥቃይ ሁሉ «ኤንግራም» ሆኖ አእምሮው ውስጥ ተቀርጾ ይቀራል፤ «ኦዲተር» የሚባለው ጠያቂ ያንን ትዝታ ደጋግሞ ሲያስወራው ግን ሥቃዩ ኃይሉን ያጣል፤ ከዚህ ሸክም ጨርሶ የተላቀቀ ሰውም «ክሊር» ይባላል። ዘዴውን ለማስፋፋት የተቋቋመው ድርጅት በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ለኪሳራ ተዳረገ። ሀባርድም በ1952 ትምህርቱን አስፍቶ «ቴታን» ስለሚባል የማይሞት መንፈስና ስላለፉ ሕይወቶች የሚናገር ሥርዓት አደረገውና ሳይንቶሎጂ አለው። በዲሴምበር 1953 ደግሞ በኒው ጀርሲ ግዛት በካምደን ከተማ በቤተ ክርስቲያንነት አስመዘገበው።

ሀባርድ ማን ነበር?

በ1911 በነብራስካ ግዛት ቲልደን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ1930ዎቹ በርካሽ ወረቀት እየታተሙ በርካታ አንባቢ በነበሯቸው መጽሔቶች ላይ የጀብዱና የሳይንስ ልብ ወለድ ታሪኮችን በፍጥነት የሚጽፍ ደራሲ ነበር፤ ይህን ተቃዋሚዎቹም ደጋፊዎቹም ይስማሙበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ባሕር ኃይል በመኮንንነት አገልግሏል። በ1967 «ሲ ኦርግ» የተባለውን የባሕረኞች ደንብ ልብስ የሚለብስ የአገልጋዮች ቡድን መሥርቶ ለዓመታት በመርከብ ላይ ኖረ፤ የቡድኑ አባላት ለአንድ ቢሊዮን ዓመት እንደሚያገለግሉ ፈርመው ይገባሉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሕዝብ ዕይታ ተሰውሮ ቆይቶ በጃንዋሪ 24 ቀን 1986 በካሊፎርኒያ በአንድ የከብት እርባታ ስፍራ በስትሮክ ሞተ።

ለመሥራቹ የሚሰጠው ክብር ምን ይመስላል?

በየትኛውም አገር ያለ የሳይንቶሎጂ ቅርንጫፍ ለሀባርድ የተለየ ቢሮ አለው። በክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛና ወንበር፣ ብዕርና ወረቀት፣ የጻፋቸው መጻሕፍትም ተደርድረው፣ ባለቤቱ ነገ ተመልሶ ሥራ የሚጀምር ይመስል ንጹሕ ሆኖ ይጠበቃል። ከሞተ ወዲህ የተከፈቱ ሕንፃዎችም ይህ ክፍል አላቸው። በትልልቅ ስብሰባዎች ላይ ታዳሚው ወደ ፎቶግራፉ ዞሮ ያጨበጭባል፤ የልደቱ ቀን ማርች 13 በየዓመቱ ይከበራል። ጽሑፎቹ በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው፣ በቲታኒየም ዕቃ ታሽገው፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት እንዲቆዩ ታስቦ በተሠሩ የከርሰ ምድር ማከማቻዎች ውስጥ ተቀምጠዋል።

በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1965 ያወጣው መመሪያ ነው። ይህ መመሪያ በየትምህርቱ መግቢያ ላይ እንዲጠና የተደነገገ ነው። ሀባርድ በዚያ ውስጥ በምርምር ዘመኑ ሁሉ ከሌሎች ከደረሱት ሐሳቦች መካከል ዘላቂ ጥቅም ያላቸው ሃያ እንደማይሞሉ፣ ከእነርሱም አንዱ እንኳ መሠረታዊ እንዳልነበረ ይናገራል። ተማሪው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ዘዴው የአንድ ሰው ግኝት ስለሆነ አይታረምም፣ አይጨመርበትም፣ ውጤት ካላመጣም ጥፋቱ የሚፈለገው ከተማሪው ወይም ከኦዲተሩ እንጂ ከዘዴው አይደለም። በድርጅቱ ውስጥ ሀባርድ «ምንጭ» ተብሎ የሚጠራው ለዚህ ነው።

ሲሞትም የተነገረው ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነበር። በኋላ የድርጅቱ መሪ የሆነው ዴቪድ ሚስካቪጅ በሆሊውድ አዳራሽ ለተሰበሰቡት ተከታዮች እንዳበሰረው፣ ሀባርድ ለቀጣዩ ምርምሩ እንቅፋት የሆነበትን ሥጋዊ አካል በፈቃዱ ትቶ ሄደ እንጂ እንደ ሌላው ሰው አልሞተም።

ስለ ሕይወቱ የሚነገረው ታሪክ እውነት ነው?

ብዙው አይደለም። ሀባርድ ስለራሱ የተናገረውና ድርጅቱ ለአሥርት ዓመታት ያሠራጨው ታሪክ ዋና አንጓ ይህ ነው፦ ጦርነቱ ሲያበቃ በጦር ሜዳ በደረሰበት ጉዳት ዓይኑ ታውሮ፣ አካሉ ተሰናክሎ በኦክላንድ ከተማ በሚገኘው ኦክ ኖል የባሕር ኃይል ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ራሱ ባገኘው ዘዴ ራሱን ሙሉ በሙሉ ፈወሰ።

የባሕር ኃይሉ መዝገብ ግን በውጊያ የቆሰለበትን ጊዜ አይጠቅስም። በሆስፒታሉ የታከመው በዋናነት ለአንጀት ቁስለት ነበር። ተፈወስኩ ካለ በኋላም ከመንግሥት የአካል ጉዳት ጡረታ መቀበሉን ቀጥሏል። በ1947 መገባደጃ ለጦር ጉዳተኞች መሥሪያ ቤት በጻፈው ደብዳቤ ረዘም ላለ ጊዜ በሐዘን መዋጡንና ራሱን የማጥፋት ስሜት እንደሚመጣበት ገልጾ የአእምሮ ሐኪም እንዲያዩት ጠይቋል። ይህ ደብዳቤ ሰውየውን ለማሳፈር ሊነሣ አይገባም፤ እርዳታ መጠየቁ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ለዓለም ካስተዋወቀው የፈውስ ታሪክ ጋር ሊታረቅ አይችልም፤ በኋላ ዘመኑን ሁሉ የሥነ አእምሮ ሕክምናን የሰው ልጅ ጠላት አድርጎ ማስተማሩ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ከባድ ያደርገዋል።

የውጊያ ጀብዱውም እንዲሁ ነው። በሜይ 1943 ፒሲ-815 የተባለችው አነስተኛ የቅኝት መርከብ አዛዥ ሳለ፣ በኦሬጎን የባሕር ዳርቻ ከሁለት ቀን በላይ ቦምብ እየጣለ ከጃፓን ሰርጓጅ መርከቦች ጋር መዋጋቱን ሪፖርት አደረገ። ጉዳዩን የመረመሩት አድሚራል ፍሌቸር በአካባቢው ሰርጓጅ መርከብ እንዳልነበረ ደመደሙ። በቀጣዩ ወር በሜክሲኮ ግዛት ወደሆኑት የኮሮናዶ ደሴቶች መድፍ ስላስተኮሰ ከአዛዥነቱ ተነሣ። ድርጅቱ ሀባርድ 21 ሜዳሊያዎችን እንደተሸለመ ሲናገር የባሕር ኃይሉ መዝገብ የሚያውቀው አራት ብቻ ነው። የኑክሌር ፊዚክስ ሊቅ ነው መባሉም በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በወሰደው አንድ ኮርስ ላይ የቆመ ነው፤ በዚያ ኮርስ ወድቋል፣ ዩኒቨርሲቲውንም ያለ ዲግሪ ለቋል።

የድርጅቱ መልስ ሀባርድ በስለላ ሥራ ላይ ስለነበር መዝገቡ ሆን ተብሎ ተቀይሯል የሚል ነው። ይህን መልስ አንባቢ ራሱ ሊመዝነው ይችላል፤ እኔ ግን ሚዛን የሚደፋ ሰነድ ሲቀርብለት አላየሁም።

ይህን ያገኘው ጠላት የሆነ ሰው አይደለም?

ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ያደረሰው ሰው ጌሪ አርምስትሮንግ ይባላል፤ የሲ ኦርግ አባልና ለሀባርድ ፍጹም ታማኝ ነበር። ለመሥራቹ የሕይወት ታሪክ እንዲሆን የግል ወረቀቶቹን ሰብስቦ የማደራጀት ኃላፊነት ተሰጠው። ሥራውን የጀመረው የሀባርድን ስም ከሐሜት ለማንጻት ነበር፤ ሰነዶቹን ከታተመው ታሪክ ጋር ሲያስተያይ ግን አልገጥም አሉት። በመጀመሪያ ያደረገውም ለአለቆቹ ስሕተቱ እንዲታረም ማሳሰብ ነበር። ማሳሰቢያው ተቀባይነት ስላጣ በ1981 መጨረሻ ድርጅቱን ለቀቀ፣ ቀጥሎም ሰነድ ወስዷል ተብሎ ተከሰሰ።

በ1984 ጉዳዩን ያዩት የሎስ አንጀለስ ዳኛ ፖል ብሬከንሪጅ ለአርምስትሮንግ ፈረዱለት። በውሳኔያቸውም ማስረጃው ሀባርድን ስለ ታሪኩና ስላከናወናቸው ሥራዎች ሲናገር መዋሸት በሽታ የሆነበት ሰው አድርጎ እንደሚያሳየው ጻፉ። የዳኛው ፍርድ ይህን ያህል የከበደው ምስክሮቹ የድርጅቱ የቀድሞ አገልጋዮች፣ ሰነዶቹም የሀባርድ የራሱ ወረቀቶች ስለነበሩ ነው።

የመሥራቹ የግል ታሪክ ለትምህርቱ ምን ለውጥ ያመጣል?

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ የሂሳብ ሊቅ ውሸታም ቢሆን ቀመሩ አይፈርስም፤ ቀመሩን ማንም ቁጭ ብሎ ሊያረጋግጠው ይችላልና። የዳያኔቲክስ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ሀባርድ ዘዴው እንደሚሠራ ያቀረበው የመጀመሪያው ማስረጃ የራሱ መፈወስ ነበር። ሌሎች ሊመረምሯቸው የሚችሉ፣ በሥርዓት የተጻፉ የጥናት ውጤቶችን አላቀረበም፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም ገና በሴፕቴምበር 1950 ለተባለው ውጤት ማስረጃ ስለሌለ አባላቱ በሕክምና እንዳይጠቀሙበት አሳስቧል። ስለዚህ የሰውየው ቃል ሲነሣ ከሥሩ የሚቀር ነገር መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ግዴታ ይሆናል።

በአደባባይ የተደረገ አንድ ፈተና ነበር። በኦገስት 1950 ሀባርድ በሎስ አንጀለስ ሽራይን አዳራሽ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ፊት አንዲት የፊዚክስ ተማሪ ይዞ ቀረበ። የመጀመሪያዋ «ክሊር» እርሷ መሆኗን፣ ያየችውንና የሰማችውን ሁሉ ያለ ስሕተት የምታስታውስ መሆኗንም ተናገረ። ታዳሚዎቹ መጠየቅ ጀመሩ። ከምታጠናው ትምህርት አንድ መሠረታዊ ቀመር ጠየቋት፤ አልመጣላትም። ሀባርድ ጀርባውን ሲያዞር ደግሞ አንዱ ታዳሚ ሀባርድ ያሰረው ከረባት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠየቃት፤ ይህንንም ማስታወስ አቃታት። ብዙ ሰዎች አዳራሹን ጥለው ወጡ። ሀባርድ በኋላ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ወደ መድረኩ ሲጠራት «አሁን ነይ» ስላላት ትዝታዋ በ«አሁን» ላይ ተቸንክሮ ቀረ አለ። ከ1950 ጀምሮ የተደጋገመው የማስረዳት ስልት በዚህ ምሽት በሙሉ መልኩ ይታያል፤ ፈተናው ሲወድቅ ለመውደቁ ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል፣ ዘዴው ግን አይነካም።

ኢ-ሜትር የተባለው መሣሪያ ምን ይለካል?

ተጠያቂው በሁለት እጆቹ ሁለት የቆርቆሮ ጣሳ መሰል መያዣዎችን ይጨብጣል፤ በመያዣዎቹ በኩል ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያልፋል፤ መርፌው የሚያሳየውም የቆዳን የኤሌክትሪክ መቋቋም ለውጥ ነው። ላብ፣ የአጨባበጥ ጥንካሬና ድንጋጤ ሁሉ ያንቀሳቅሱታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በጃንዋሪ 1963 በዋሽንግተን የሚገኘውን የድርጅቱን ሕንፃ ፈትሾ መሣሪያዎቹን ወሰደ። ክርክሩ ዓመታት ከፈጀ በኋላ በ1971 ፍርድ ቤቱ መሣሪያው ለሃይማኖታዊ አገልግሎት ብቻ እንዲውልና በሽታን ለመመርመርም ሆነ ለመፈወስ እንደማይጠቅም የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ወሰነ።

ምስጢራዊ ትምህርት አላቸው ይባላል። እውነት ነው?

አዎን። ከ«ክሊር» በላይ ያሉት ደረጃዎች ለከፈለና ለተፈቀደለት ብቻ የሚገለጡ ናቸው። ሦስተኛው ደረጃ ከ75 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዜኑ የተባለ ገዥ ሕዝቦችን ወደ ምድር አምጥቶ በእሳተ ገሞራዎች ዙሪያ እንደፈጃቸውና መንፈሶቻቸው በዛሬ ሰዎች ላይ ተጣብቀው እንደሚኖሩ ያስተምራል። ይህ በ1985 በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ሰነድ ውስጥ ገብቶ በጋዜጣ ታትሟል። የማንም ሃይማኖት ትረካ ለውጭ ሰው እንግዳ ሊመስል ስለሚችል በይዘቱ መሳለቅ አልፈልግም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ሰው ብዙ ሺህ ዶላርና የዓመታት ዕድሜ ከሰጠ በኋላ እንጂ በመግቢያው ላይ ምን እንደሚያምን ለምን አይነገረውም?

ስለ ገንዘቡ የሚባለውስ?

ኦዲቲንግና ትምህርቶቹ በተወሰነ «መዋጮ» የሚሰጡ ሲሆኑ ከፍ ባለ ደረጃ ክፍያውም ይከብዳል። በፈረንሳይ የፓሪስ ፍርድ ቤት በ2009 ሁለት የድርጅቱን ተቋማት በተደራጀ ማጭበርበር ጥፋተኛ ብሎ በድምሩ 600,000 ዩሮ ቀጣቸው፤ የአገሪቱ የሰበር ችሎትም በ2013 ፍርዱን አጸናው። ድርጅቱ ፍርዱን የሃይማኖት ስደት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ተቺዎች ምን ይደርስባቸዋል?

ሀባርድ በ1960ዎቹ ያወጣቸው መመሪያዎች ተቃዋሚን «ጨቋኝ ሰው» ብለው ይፈርጃሉ፤ የእምነቱ አባል እንዲህ ከተፈረጀ ሰው ጋር፣ ወላጁም ቢሆን፣ ግንኙነቱን እንዲያቋርጥ ይጠበቃል። ድርጅቱ መለያየቱ የግለሰቡ ምርጫ ነው ይላል፤ ከወጡት ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ ልጆቻቸውን ወይም እናቶቻቸውን በዚህ ምክንያት እንዳጡ ይመሰክራሉ።

ጋዜጠኛዋ ፖሌት ኩፐር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስለ ድርጅቱ ከጻፈች በኋላ በእርሷ ወረቀት ላይ የተጻፉ የቦምብ ማስፈራሪያ ደብዳቤዎች ተገኝተው በ1973 ተከሰሰች። እውነቱ የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በጁላይ 1977 የድርጅቱን ጽሕፈት ቤቶች ሲፈትሽ ነው፤ እርሷን ለእስር ወይም ለእብደት ለማብቃት የተነደፈው ዕቅድ በሰነድ ተገኘ። ያው ፍተሻ አባላቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰርገው ገብተው ሰነዶችን ሲሰርቁ እንደነበር አጋለጠ። በዚህ ምክንያት 11 ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ፤ ከእነርሱም አንዷ የሀባርድ ባለቤት ሜሪ ሱ ነበሩ። ሀባርድ ራሱ ክስ ሳይመሠረትበት በግብረ አበርነት ስሙ ተጠቅሷል። ድርጅቱ ድርጊቱን የፈጸመው ከመሥመር የወጣ አንድ ክፍል እንደነበረና በኋላም እንደፈረሰ ይገልጻል።

በሕግ ፊት ሃይማኖት ነው?

እንደየአገሩ ይለያያል። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1983 ሃይማኖት ነው ብሏል። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በ1967 የነሣውን ከግብር ነፃ የመሆን መብት ከረጅም ሙግት በኋላ በ1993 መልሶለታል፤ ድርጅቱም በስምምነቱ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በለንደን የጸሎት ቤቱ ጋብቻ እንዲፈጸም ፈቅዷል፤ በጀርመን ግን ከ1997 ጀምሮ የሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሲከታተለው ቆይቷል። ሃይማኖት ተብሎ መታወቁ ሰዎች የማመን ነፃነታቸው እንዲጠበቅ ያደርጋል፤ ይህንንም ከልቤ እደግፋለሁ። ስለ መሥራቹ የተነገረው ታሪክ ወይም የፈውስ ተስፋው እውነት መሆኑን ግን የትኛውም ፍርድ ቤት አላረጋገጠም።

ተጠቀምን የሚሉ ሰዎች ይዋሻሉ ማለት ነው?

አይደለም። ለሰዓታት ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳያቋርጥ የሚያዳምጥ ሰው ማግኘት ራሱ ያቀልላል፤ በብቸኝነት ለኖረ ሰው ደግሞ ዕቅድና ጓደኛ የሚሰጥ ማኅበር ትልቅ ነገር ነው። የተሰማቸው እፎይታ እውነተኛ ነው። ጥያቄው እፎይታው ከኤንግራም መጥፋት የመጣ ነው ወይስ ከመደመጥ የሚለው ሲሆን፣ ለመጀመሪያው መልስ ማስረጃ አልቀረበም። በተጨማሪም ተጠያቂው የተናገረው ምስጢር በጽሑፍ ተመዝግቦ በድርጅቱ መዝገብ እንደሚቀመጥ ማወቅ አለበት።

በመንገድ ላይ ነፃ የባሕርይ ፈተና ቢሰጠኝስ?

ዋሽንግተንና ሎስ አንጀለስ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው፣ ሳይንቶሎጂም ትልልቅ ሕንፃዎች ያሉት ከተሞች ስለሆኑ ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። ፈተናው 200 ጥያቄዎች አሉት፤ ስሙ ኦክስፎርድን ቢጠቅስም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ግንኙነት የለውም። ውጤቱ በመሥመር ሥዕል ይቀርብና ዝቅ ያለው ቦታ እየተጠቆመ የሚያስተካክለው ትምህርት ይነገራል። መልስ ለመስጠት ወይም ስልክ ቁጥር ለመተው ግዴታ የለብዎትም።

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ድርጅቱ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶችን አጥብቆ ይቃወማል፤ በኛም ማኅበረሰብ ሕመሙን ከቤተሰብ ሳይቀር የሚደብቅ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጡን ማንም ሳያውቅ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል።

እኅቴ ገብታለች። ምን ላድርግ?

ክርክሩን በሀባርድ ላይ በስድብ አትጀምሩት። ለእርሷ ሕይወቷን ያቀናላት ሰው ነው፤ ስድቡ እናንተን «ጨቋኝ» ያሰኛችሁና መንገዱን ይዘጋዋል። ስልክ መደወል፣ ለበዓል መጥራት፣ ስለ ሥራዋና ስለ ጤንነቷ መጠየቅ ይቀጥል። ራሷ ጥርጣሬ ስታነሣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎቹንና የባሕር ኃይሉን መዝገብ ማሳየት ይቻላል፤ ሁለቱም ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ለሥልጠና ብድር ልትወስድ ወይም ውል ልትፈርም ከሆነ፣ ከመፈረሟ በፊት ወረቀቱን ከድርጅቱ ውጭ ያለ ጠበቃ እንዲያየው ለምኗት። ለመውጣት ብትወስን ደግሞ የምታርፍበት ክፍል እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ሲ ኦርግ ውስጥ ለዓመታት የኖረ ሰው ብዙውን ጊዜ የራሱ ቤትም ቁጠባም የለውም።